ያለ ድምፅ የሚቆም ሰዓት

አባቴ ግንበኛ ነበሩ። ከ40 ዓመት በላይ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ አሸዋ ሲያስነፉ፣ ቱንቢ ሲጥሉ ኖረው፣ በ74 ዓመታቸው አንድ ማለዳ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ወደ ቤት ይዘነው የተመለስነው ትእዛዝ ለሰሚው ቀላል ነው፤ በቀኝ እጃቸው ለስላሳ ኳስ ለ3 ደቂቃ እየጨበጡ መልቀቅ፣ 3 ደቂቃ ማረፍ፣ ይህንኑ በቀን ደጋግሞ መሥራት። ባለሙያዋ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አሳሰበችን፤ ከልኩ እንዳያልፍ። የደከመ እጅ ሲበዛበት ይቆጣል።

ችግሩ ልኩን ማወቁ ላይ ነበር። የስልኬ ደወል ሲጮህ አባቴ ይደነግጣሉ፤ ኳሱም ከእጃቸው ይወድቃል። የግድግዳውን ሰዓት ቀጭን ዘንግ መከተል ዓይናቸው አልቻለም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እንዳልቆጥርላቸው ደግሞ ኩራታቸው አይፈቅድም። «የማይጮህ፣ ግን የሚታይ ነገር የለም ወይ?» አሉኝ አንድ ቀን። የአሸዋ ሰዓት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን የሠራሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ፤ ክዳኖቻቸውን ጀርባ ለጀርባ በማጣበቂያ፤ መሐላቸው ላይ በጋለ ምስማር ቀዳዳ፤ አጥር ሲጠገን ከተረፈው ክምር ደግሞ ጥቂት ጭብጥ አሸዋ። አምስት ጊዜ ፈተንኩት፤ አምስቱንም ጊዜ በ3 ደቂቃ አካባቢ አለቀ። አስረክቤአቸው ወደ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አባቴ ከወንበራቸው አልተነሡም። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ኳሱን ይጨብጣሉ፣ ይለቃሉ። «ምነው አባባ?» ብላቸው በአገጫቸው ወደ ጠርሙሱ አመለከቱኝ።

«ገና አላለቀም» አሉ።

አሸዋው ግማሽ ላይ ቆሟል። ከቀዳዳው አፍ ላይ ሦስት አራት ጠጠሮች ተደጋግፈው ተቀምጠዋል፤ የቀረው ሁሉ በእነርሱ ላይ ተኝቷል። በዚያ ቀን የአባቴ እጅ አበጠ፤ ሦስት ቀንም ኳስ ሳይነካ ሰነበተ።

የግድግዳ ሰዓት ሲቆም ምቱ ይጠፋል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሸዋ ግን ሲፈስም ዝም ነው፤ ሲቆምም ዝም ነው። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ፣ በከፊል ከጸጸት በከፊልም ከእልህ፣ ከእኔ በፊት ይህን ዕቃ የሠሩትና ያመኑት ሰዎች ምን አድርገው እንዳመኑት ማንበብ ጀመርኩ። አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሸዋ ሰዓት ከፈርዖኖች ዘመን የወረስነው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በ8ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ፣ በሻርትር፣ ሊውትፕራንድ የተባለ መነኩሴ ፈለሰፈው የሚል ወሬ በየመጻሕፍቱ ይዞራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ማስረጃ ያለው ታሪክ የሚጀምረው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። በጣሊያን አገር በሲዬና ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና በ1339 መካከል ስለ መልካምና ስለ ክፉ አስተዳደር ሰፊ ሥዕል ሣለ። በመልካሙ አስተዳደር በኩል ከተቀመጡት ምግባራት አንዷ ልከኝነት ናት፤ በሴት አምሳል ተሥላ፣ በእጇ የአሸዋ ሰዓት ይዛ ትታያለች። ያ የሥዕሉ ክፍል ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ታድሶ የተሣለ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ቢሆንም ከዚያው መቶ ዓመት አይወጣም። በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች ዕቃውን ከራስ ቅል አጠገብ እያኖሩ የሞት ምልክት አደረጉት፤ አልብረሽት ዱረርም በ1514 ባወጣው «ሜላንኮሊያ» በተባለው ሥዕሉ ከተከዘችው ሴት ራስ በላይ ሰቅሎታል። እኔ ግን፣ የአባቴ እጅ ካበጠ በኋላ፣ ከዱረር ይልቅ የሎሬንዜቲ ሐሳብ ይበልጥ ገባኝ። ይህ ዕቃ የተፈጠረው ልክን ለመጠበቅ ነው።

ሌላው ማስረጃ የወጪ ሂሳብ ነው፤ ከሥዕሉ ይልቅ እርሱን እወደዋለሁ። በ1345፣ በእንግሊዙ ንጉሥ በኤድዋርድ ሦስተኛ ዘመን፣ «ላ ጆርጅ» የተባለችው የንጉሡ መርከብ ጸሐፊ ቶማስ ደ ስቴትሻም በፍላንደርስ ወደብ በስሉይስ 12 የመስታወት ሰዓቶች መግዛቱን መዝግቧል። አሥራ ሁለት! አንዲት መርከብ 12 ሰዓት ምን ያደርግላታል? መስታወት በማዕበል ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚያስብ ሰው መልሱን አያጣውም። እኛስ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» እንል የለ? ሌላም አለ፤ በ1380 የተዘጋጀው የፈረንሳዩ ንጉሥ የሻርል አምስተኛ የንብረት ዝርዝር አሸዋ በተሞሉ ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች የተሠራ ሰዓት ይጠቅሳል፤ የሚጠራውም «የባሕር ሰዓት» ብሎ ነው።

ባሕር ለምን? በየብስ ላይ ሰው ፀሐይ ነበረችው። የእኛ ሰዎች ጥላቸውን በእግር እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ቀኑንና ሌሊቱን በ60 ኬክሮስ ከፍለው፣ እያንዳንዱን ኬክሮስ 24 ደቂቃ አድርገው ያሰላሉ። በሚንገዳገድ መርከብ ላይ፣ በጨለማ፣ ጥላ የለም። የውሃ ሰዓት በዚያ ይናወጣል፣ ይፈሳል፣ በብርድ ጊዜም ይረጋል። አሸዋ ግን በታሸገ መስታወት ውስጥ ሆኖ መርከቡ ቢዘም እንኳ መውረዱን አይተውም።

ከዚህ የበለጠ ምክንያትም አለ። እርሱን የተረዳሁት ከራሴ ስሕተት ጋር ሳነጻጽረው ስለሆነ፣ ትንሽ ዘግየት ብዬ ላስረዳው። በግብፅ፣ በካርናክ የተገኘው የፈርዖን አሜንሆቴፕ ሦስተኛ የውሃ ሰዓት ከ3,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከታች የተበሳ የአልባስጥሮስ ዕቃ ነው፤ ጎኑ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። መጥበቡ ለጌጥ አይደለም። ውሃ ዕቃው ሙሉ ሲሆን በኃይል ይወጣል፤ ሲጎድል ኃይሉ ይላላል። ቶሪቼሊ የዚህን ሕግ በ1644 በሒሳብ አስቀመጠው፤ ግብፃዊው ጠራቢ ግን ከእርሱ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ዕቃውን በማጥበብ ሊያካክሰው ሞክሮ ነበር።

አሸዋ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጎትሂልፍ ሃገን በ1852 እንዳሳየው፣ ከቀዳዳው በላይ ያለው ክምር ከፍም ይበል ዝቅ፣ አሸዋው የሚወርድበት ፍጥነት አንድ ነው። ያንሰን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ደግሞ በ1895 በረጃጅም የእህል ጎተራዎች ላይ ምክንያቱን መረመረ። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ ክብደታቸውንም ቀስ በቀስ ወደ ጎን፣ ወደ ግድግዳው ያሸክሙታል። ስለዚህ ከታች ያለው ቅንጣት ከላዩ አንድ ክንድ እህል ይኑር ወይም ሦስት ክንድ አያውቅም። ክምሩ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ፍሰቱ አይደክምም።

ይህን ላባቴ ሳነብላቸው እንደኔ አልተገረሙም።

«ቅስት ነው እኮ» አሉ። «ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደግፎ ጭነቱን ወደ ጎን ይጥላል። በስንቱ በር ላይ ሠርተነዋል።»

ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያው ሰዓቴ ለምን እንደቆመ የገባኝ። አሸዋን እኩል የሚያስኬደው መደጋገፍና በቀዳዳው ላይ የሚያቆመው መደጋገፍ አንድ ናቸው። ቀዳዳው ከቅንጣቱ ስፋት አምስት ስድስት እጥፍ ካልበለጠ፣ ጥቂት ቅንጣቶች ከአፉ ላይ ገጥመው ቅስት ይሠራሉ፤ የአባቴን በር ይሠራሉ። የእኔ የአጥር አሸዋ ውስጥ ደቃቁም ሻካራውም ተደባልቆ ስለነበር፣ አምስት ጊዜ በደህና አልፎ በስድስተኛው ሦስት ትልልቅ ጠጠሮች አንድ ላይ ደረሱ።

በዚህ የተቸገርኩት እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። በታኅሣሥ 13 ቀን 1492 ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ዛሬ ሄይቲ በምትባለው አገር ሰሜናዊ ዳርቻ መልህቁን ጥሎ ሳለ የቀኑን ርዝመት ለማወቅ ፈለገ። ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚሄዱ የአሸዋ ጠርሙሶችን አስቆጠረ፤ 20 ሆኑ፤ 10 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያም በማስታወሻው ላይ አንድ ጥርጣሬ አሰፈረ፤ ወይ ጠርሙሱን ቶሎ ሳይገለብጡት ቀርተው ይሆናል፣ ወይም አሸዋው ሳያልፍ ተይዞ ይሆናል የሚል። ጥርጣሬው ልክ ነበር። በዚያ ኬክሮስ፣ በዚያ ወቅት፣ ቀኑ 11 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይቀሩታል። (ኬክሮስ ስል አሁን የምድርን መስመር ማለቴ ነው፤ ቃሉ ሁለት ሥራ አለበት።) አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም ያልቀረው ጊዜ የት ገባ? ለ20ው ጠርሙስ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ይደርሰዋል። በዚያ ዘመን ጠርሙስ መገልበጥ የመርከብ ልጆች ሥራ ነበር። እኔ ግን ልጆቹን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም። አሸዋው ቆሞ እነርሱ «ገና አላለቀም» ብለው ቢጠብቁስ?

የስሕተቱ ዋጋ በኋላ ዘመን ይበልጥ ግልጽ ሆነ። መርከበኞች ፍጥነታቸውን የሚለኩት ቋጠሮ ያለበት ገመድ ወደ ባሕር እየለቀቁ፣ 28 ሰከንድ በምትሄድ ትንሽ የአሸዋ ሰዓት እየቆጠሩ ነበር። በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል 47 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም 14 ሜትር ተኩል ገደማ አለ። ዛሬም የመርከብ ፍጥነት በእንግሊዝኛ በቋጠሮ ስም የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። አሸዋው እርጥበት ጠጥቶ 28ቱን ሰከንድ 30 ቢያደርገው፣ በዚያ ትርፍ ጊዜ ትርፍ ገመድ ይለቀቃል፤ መርከቧም ከእውነቱ የፈጠነች ትመስላለች። ካፒቴኑ ገና ያልደረሰበትን ቦታ እንደደረሰበት አድርጎ በካርታው ላይ ምልክት ያደርጋል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ሁለተኛውን ስሠራ «እንግዲያው የደቀቀው ይሻላል» ብዬ አሸዋውን በሙቀጫ ወቀጥኩት፤ ዱቄት አደረግሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ግማሹ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቀረ። የተረፈው ደግሞ አዲስ ጠባይ አመጣ፤ ትንሽ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወርዳል፤ ስቅታ እንደያዘው ሰው። ለዚህም ምክንያት አለው። አሸዋው ወደ ታች ሲወርድ የታችኛው ዕቃ አየር መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ያችው አንዲት ቀዳዳ ናት። ዱቄቱ በጣም ሲደቅ አየሩ በቅንጣቶቹ መካከል ማለፍ ያቅተዋል፤ ከታች ይታመቃል፤ የወደቀውንም ደግፎ ያቆመዋል። ጥቂት ቆይቶ ሲሾልክ አሸዋው እንደገና ይለቀቃል። በፈረንሳይና በኖርዌይ የሚሠሩ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1993 ይህንኑ የአሸዋ ሰዓት ምት የሚመለከት ጥናት አሳትመዋል። በዚያ ላይ ፕላስቲኩ በሰበቃ ኤሌክትሪክ እየያዘ ዱቄቱን በጎኑ ላይ ይለጥፈው ነበር። ሻካራው ቅስት ይሠራል፤ ደቃቁ አየር ያፍናል። የሚፈለገው መካከለኛው ነው፤ እርሱም እርስ በርሱ እኩል የሆነ።

የጥንቶቹ ይህን እኩልነት ፍለጋ ብዙ ደክመዋል። የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠዋል፤ የቆርቆሮና የእርሳስ ዱቄት ሞክረዋል። ታላቁ የከዋክብት ተመልካች ቲኮ ብራሄ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሸዋ ፋንታ ባዜቃ አስፈስሶ፣ በኋላም የተጣራ የእርሳስ ዱቄት ተጠቅሞ ነበር፤ የልቡን ግን አላደረሱለትም። ከሁሉ የወደድኩት በ1393 አካባቢ በፓሪስ የተጻፈው የቤት አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነው። አንድ በዕድሜ የገፋ ባል ለወጣት ሚስቱ ስለ ወጥ፣ ስለ አትክልት፣ ስለ ልብስ እድፍ ሲያስተምር፣ በመካከል የሰዓት አሸዋ አሠራርንም ይነግራታል። የመቃብር ድንጋይ የሚሆን ጥቁር እብነ በረድ ሲሰነጠቅ የሚወጣውን ብናኝ ወስዶ፣ እንደ ሥጋ በወይን ጠጅ ቀቅሎ፣ አረፋውን ገፎ፣ በፀሐይ ማድረቅ፤ ይህንንም ዘጠኝ ጊዜ መደጋገም።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«በወይን ጠጅ! ሰውየው ሀብታም ነው።» ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዘጠኝ ጊዜ ማጠቡ ግን እውነቱን ነው» አሉ። «አረፋ ያለው ጭቃውን ነው። ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶም አይይዝ፣ አይፈስም። እኛም በእጃችን ጨብጠን ስንለቀው መዳፋችንን ካቆሸሸው አንቀበለውም ነበር።»

እኔ ከታሪኩ ጋር ስታገል፣ የአሸዋ ሊቅ ለካ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሁለታችን ሆነ፤ እሳቸው ያዝዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተጣላን። በሌሉበት ጤፍ በጠርሙሱ ሞልቼ ሞክሬ ነበር። አንባቢዬ፣ ጤፍ እንዴት ያለ ሰዓት ይሆናል መሰለህ! ሁሉም ቅንጣት እኩል፣ ሁሉም ለስላሳ፤ አንድም ጊዜ ሳይያዝ እንደ ሐር ክር ተመዘዘ። በ1961 ቤቨርሎ የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የዚህን ፍሰት ቀመር ሲያወጡ ከአሸዋ ሌላ የተልባና የጎመን ዘርን የመሳሰሉ ዘሮችን መጠቀማቸውን በኋላ ሳነብ፣ መንገዴ ያን ያህል ከንቱ አልነበረም ብያለሁ። አባቴ ግን ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «እህል አይጫወቱበትም። መልሺው» አሉኝ፤ መለስኩት። ጤፉ ግን የሚያስፈልገኝን ነግሮኝ ነበር፤ ጤፍ የመሰለ አሸዋ።

«የወንዝ አምጪ» አሉኝ። «የተፈጨ አሸዋ ጥርስ አለው፤ ይናከሳል። የወንዝ አሸዋ ውሃ ሲያንከባልለው ኖሮ ጥርሱ አልቋል።» ከአንድ የግንባታ ሥፍራ ለምኜ በፌስታል አመጣሁ። ውሃው ጠርቶ እስኪቀር አጠብኩት፤ ስድስት ጊዜ ፈጀብኝ። በብረት ምጣድ ላይ አመስኩት፤ እንፋሎቱ ካለቀም በኋላ ጥቂት አቆየሁት። ከዚያ በዱቄት ወንፊት ነፋሁት፤ በወንፊቱ ላይ የቀረውን ጣልኩ። ያለፈውን ደግሞ በሻሽ ነፋሁት፤ አሁን በተቃራኒው፣ በሻሹ ያለፈውን ጣልኩና የቀረውን ያዝኩ። ከአንድ ባልዲ አሸዋ የተረፈኝ ሁለት ብርጭቆ ያህል ነው። በመዳፌ ላይ ሳፈሰው ምንም እድፍ አልተወም።

ዕቃውን ያሰቡት እሳቸው ናቸው። «ብርሌዎቹን አውጪያቸው» አሉኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና ለበዓል ብቻ የምታወጣቸው፣ ከእርሷ በኋላ ማንም ያልነካቸው ሁለት ብርሌዎች በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበሩ። አፍ ለአፍ ሳጋጥማቸው ምን እንደሚመስሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን፤ ብርሌ ግማሽ የአሸዋ ሰዓት ነው።

መጋጠሚያው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። በ18ኛው መቶ ዓመት አንድ ወጥ ተነፍቶ የሚሠራ የሰዓት መስታወት ከመለመዱ በፊት፣ ባለሙያዎች የሚሠሩት ሁለት የተለያዩ ጠርሙሶችን አፍ ለአፍ አጋጥመው ነበር። በመካከላቸው የተበሳ ስስ ብረት ያኖራሉ፤ ዙሪያውን በሰም ይደፍናሉ፤ በክር ይጠመጥማሉ። እኔም ከወተት ቆርቆሮ ክዳን ክብ ቆርጬ፣ በሰፈራችን ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ወስጄ መሐሉን 3 ሚሊ ሜትር አስበሳሁት። ቀዳዳውን በግምት አልመረጥኩትም፤ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ምስማርና መዶሻ እንዲህ ያለውን ልክ አይጠብቁም። ልጁ በስሱ ቀድቶ የተረፈውን ሹል በብርድ ወረቀት አለሰለሰልኝ፤ የአንዲት ሹል ጥርስ ዳርቻ ቅንጣት ትይዛለችና። አሸዋውን በአንዱ ብርሌ አፈሰስኩ፤ ብረቱን በአፉ ላይ አኖርኩ፤ ሁለተኛውን ደፋሁበት፤ የጧፍ ሰም አቅልጬ ዙሪያውን ደፈንኩ፤ በፈትል ጠመጠምኩ፤ በፈትሉም ላይ ደግሜ ሰም አፈሰስኩ። ሰሙን ለመዝጋት የመረጥነው ፀሐይ የጠናበትን ቀን ነው፤ ክረምቱ ከውስጥ እንዳይቀር።

ከመዝጋታችን በፊት አሸዋውን እየጨመርንና እየቀነስን በስልኬ ሰከንድ ስንቆጥር ዋልን። 165 ግራም ገደማ ላይ ረጋ። በጃፓን፣ በኒማ ከተማ ያለው የአሸዋ ቤተ መዘክር 1 ቶን አሸዋ የያዘ፣ አንድ ሙሉ ዓመት የሚፈስ ሰዓት አለው፤ የዓመቱ መጨረሻ ሌሊት ላይ 108 ሰዎች በገመድ ጎትተው ይገለብጡታል። የእኛው ለ3 ደቂቃ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን።

አርባ ጊዜ ገለበጥኩት፤ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እያንዳንዱን ጻፍኩ። አንድም ጊዜ አልቆመም። ይሁንና ሁለቱ ጎኖች እኩል አይደሉም፤ በአንዱ በኩል 3 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ፣ በሌላው 2 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ይሄዳል። ብረቱ በአንድ ወገን ትንሽ ሳይጎደጉድ አልቀረም። ደግሞም አሸዋው ባለፈ ቁጥር የቀዳዳውን ዳር በጥቂቱ ይፍቀዋል፤ የድሮዎቹም ሰዓቶች ሲያረጁ ይፈጥኑ ነበር። በየሦስት ወሩ በስልኬ እለካዋለሁ።

ለአባቴ ሳስረክብ የጎኖቹን ልዩነት ነገርኳቸው፤ የፈጠነው በኩል ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ካለፈው ጊዜ የተማርኩትንም አስጠነቀቅኋቸው፤ አልፎ አልፎ ዓይናቸውን ወደ ብርሌው አንገት ጣል እንዲያደርጉ፣ ክሩ ከተቋረጠ በጣታቸው እንዲያንኳኩት፣ ካልሄደም ኳሱን እንዲተዉት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን እንደማያምኑት አውቃለሁ፤ ሲጨብጡ ዓይናቸውን ከአሸዋው ላይ አያነሡም፤ ከንፈራቸውም በዝግታ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠሩ ነው።

ትናንት ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ነበሩ። አሸዋው አልቆ ነበር። ኳሱን ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ ሁልጊዜ በግራቸው የሚገለብጡትን በቀኝ እጃቸው ያዙት። ብርሌው ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ እስትንፋሴን ያዝኩ። ጋደም አለ፣ ቆየ፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ቀዩ የትኛው ነበር?» አሉኝ ሳይዞሩ። «የፈጠነው ወይስ የዘገየው?»